የቀልደኛዋ አወዳደቅ

የምሠራበት የአዛውንት መጦሪያ ቤት የማይታጠፍ ሕግ ነበረው። ከአልጋው ተነስቶ፣ ሰው ሳይደግፈው፣ በፊት በር ወጥቶ መንገድ ዳር እስከቆመው የፖስታ ሣጥን ድረስ መራመድ የማይችል ሰው እዚያ መኖር አይችልም። የቤቱ ፈቃድ የተሰጠው በዚህ ውል ነው፤ እሳት ቢነሳ ሁለት ሴቶች ስምንት አዛውንት ተሸክመው ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ የቤቱ ባለቤት የጭስ ደወሉን ታስጮኸዋለች። ስምንቱም እንደ አቅማቸው ተሰልፈው ይወጣሉ። እኔ ሰዓት ይዤ ሣጥኑ አጠገብ እቆማለሁ። እዚያ የደረሰ ለአንድ ወር ተረፈ ማለት ነው፤ ላልደረሰው ልጆቹ ይጠሩና ነርሶች የሚያስታምሙበት ነርሲንግ ሆም ይፈለግለታል። ስለ ፍርድ ቀን ብዙ አንብቤአለሁ፤ በነጠላ ጫማና በፒጃማ ሲፈጸም ያየሁት ግን እዚህ በስደት አገር፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው።

ቤቱ ኢስት ኮልፋክስ ከሚባለው ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለ፣ ከጎረቤቶቹ በምንም የማይለይ ቤት ነው። ባለቤቷ ጴንጤ ነች፤ ማለዳ ማለዳ ማድ ቤት ቆማ ለእያንዳንዱ አዛውንት በየስሙ ትጸልያለች፣ ከዚያም በየስሙ መድኃኒቱን ታድላለች። ቀን ቀን አብራኝ የምትሠራው የድሬዳዋ ልጅ ነች፤ ሃምሳን የተሻገረች፣ ጥርስ የማታስከድን። እኔ ግሌንዴል ከሚባል ሰፈር በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ጋዜጣ ላይ እጽፍ ነበር። መጻፍ አዛውንት ለማጠብ ስለማይጠቅም ባልደረባዬ «ፕሮፌሰር» ትለኛለች፤ ለሙገሳ አይደለም።

እሳቸው የመጡት በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። ሰባ አምስት ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ሰፋ ያለ ሰውነት ያላቸው፣ ነጭ ፀጉራቸውን ባንድ ጉንጉን የሚይዙ ህንዳዊት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ኢንጂነር የሆነው ልጃቸው ከቦምቤይ አመጣቸው። እሱ ሥራ ሲሄድ ብቻቸውን እየዋሉ ሳለ ከቤቱ ደረጃ ወደቁ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሰው አጠገባቸው መዋል አለበት አለ። ልጁ ብዙ ቤት ዞሮ ነበር። እናቱ ሥጋ አይበሉም፤ የየቤቱ ሰው ደግሞ «ቬጂቴሪያን አለን» እያለ የተቀቀለ ብሮኮሊ አሳይቶታል። የእኛዋ ባለቤት ራሷ የማትጾመውን የጾም ምግብ ሠርታ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አቀረበችለት። ቆሞ በላ። በሳምንቱ እናቱን ይዞ መጣ።

የመጡ ዕለት ማዕድ ላይ ልጁ ነገሩን አስረዳን። እናቱ ዳግመኛ ከወደቁ ሐኪሙ የሚልካቸው ነርሶች ወዳሉበት ነው። ስለዚህ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ከወደቁ ይጻፍ፤ ወዲያው ይደወልለት። ለዚህ የሚሆን ፎርም ነበረን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያየው ሰው ፊርማ። እናቱ ይህ ሁሉ ሲነገር ምስራቸውን በማንኪያ እየበሉ ነበር። ቀና አሉና፣ እዚህ የምበላው አለ፣ ሌላ ቦታ አልሄድም አሉት፤ እኛም እንድንሰማ በእንግሊዝኛ ነው ያሉት።

በሁለተኛው ሳምንት ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ምንጣፉና ሴራሚኩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተደናቀፉና በመቀመጫቸው ዱብ አሉ። ሮጥኩ። ሳልደርስባቸው ግን አንገታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩና ያደናቀፋቸውን ቦታ፣ ሰርግ ጠርቶ መቀመጫ እንደነሳ ዘመድ፣ ትክ ብለው አዩት። ባለሁበት ቆምኩ። ያንን መዞር አውቀዋለሁ።

የእኔ ዘመን ሰዎች ስለ ህንድ ፊልም ሲያወሩ የሚያወሩት ማልቀሳቸውን ነው። እናትየዋ ስትታወር፣ ወንድማማቾቹ በሕፃንነታቸው ሲጠፋፉ፣ እንዴት እንደተነፋረቁ። አላምናቸውም። ቋንቋውን አንድም ሰው በማያውቅበት አዳራሽ፣ አዲስ አበባ፣ በዚያ ዘመን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንጨት ወንበር ላይ የምንቀመጠው ለልቅሶ አልነበረም፤ ልቅሶ በየቤታችን ነበር። የምንቀመጠው ለወፍራሟ ነው። ወፍራሟ የሀብታሙ እህት፣ ወይም ቤት አከራይ፣ ወይም የሙሽራዋ አክስት ሆና ትመጣና ትወድቃለች። ከወንበር፣ ከበሬ ጋሪ፣ ኩሬ ውስጥ። ወድቃም ዞር ብላ የጣላትን ነገር ታየዋለች፤ አዳራሹ የሚፈነዳው ያኔ ነው። የዋናዋን ተዋናይት ስም ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፎቶዋን ደብተራችን ላይ ለጥፈናል። የወፍራሟን ስም የጠየቀ የለም። ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ሽጉጥና ደም ሲመጣ፣ ወፍራሟ አትታይም። አትሞትም፣ አትድንም፤ ሥራዋን ጨርሳ ትጠፋለች። የት ሄደች ያለ ሰው አላስታውስም። እኔም አላልኩም።

ባልደረባዬን ጠርቼ፣ እኚህን ሴት አታውቂያቸውም ወይ አልኳት። ሳህኖቹን አስቀምጣ መጣች፤ መሬት ላይ የተቀመጡትን አሮጊት ዞራ አየቻቸው።

«ማናቸው?»

«ወፍራሟ። የህንድ ፊልሟ።»

«አቦ፣ ተይ እንጂ» አለችኝ። ከዚያ አጠገባቸው መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አንገቷን አዙራ መሬቱን በቅያሜ አየችው፤ በልጅነቷ ድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ስታደርገው እንደኖረችው።

አሮጊቷ ይህችን አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ተመለከቷት።

«አንገትሽን አፈጠንሽው» አሏት።

የት እንዳየናቸው ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው።

«እዚያም ወድቄ ነበር?» አሉ።

እጃቸውን ይዘን አነሳናቸው፤ ከዚያም አጨበጨብን። ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ወደቁ ብዬ ልጻፍ? በእኔ ዓይን እሳቸው አልወደቁም፤ አወዳደቃቸውን ነው ያሳዩን። እንኳን ልጽፍ፣ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት፣ የታጠበ ልብስ ስናጣጥፍ፣ ታሪካቸውን በጥቂት በጥቂቱ ነገሩኝ። አባታቸው ዳንስ አስተምረው፣ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ለዋና ተዋናይትነት ስቱዲዮ ወሰዷቸው። ሲገቡ የመብራት ገመድ አደናቀፋቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም፤ ድገሚው አላቸው። የዚያን ቀን ሲወድቁ ዋሉ፤ አባታቸው ጥግ ቆመው ያዩ ነበር፤ ማታ ቤት ሲገቡ ሥራ አግኝታለች ብለው ለእናትየው ነገሩ። ውፍረቱ በኋላ የመጣ ነው፤ የሥራው አካል ነበር። ፊልም ሲጀመር ጣፋጭ በሣጥን ይላክላቸዋል፤ ከቀነሱ የልብስ ሰፊው ስሞታ ያቀርባል። ለዋናዋ ተዋናይት ከፈረስ የምትወድቅላት ሌላ ሴት ትቀጠራለች። ለቀልደኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የገዛ ሰውነቷ ካልወደቀ አያስቅማ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው፣ አንድ የእጅ አንጓና ጅራት አጥንታቸው ተሰብሯል። የእጅ አንጓው ሲሰበር የጮሁት ጩኸት ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ሰዎች ወደውታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ለምነው የቁም ነገር ክፍል ተሰጣቸው። ልጇ የሞተባት ሠራተኛ ሆነው ነበር። አሥር ቀን እህል ቀንሰው፣ ሰው ሳያናግሩ ተዘጋጁ። ፊልሙ በመጀመሪያ ለሰው ሲታይ ኋላ ተቀምጠው ነበር። አስከሬኑ ላይ ተደፍተው ማልቀስ ሲጀምሩ አዳራሹ ሳቀ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም አሉኝ፤ አሁን ትወድቃለች ብለው ሲጠብቁ ነው። በማግስቱ ያ ክፍል ተቆርጦ ወጣ።

ይህን ሲነግሩኝ ፎጣ እያጣጠፉ ነበር። እኔም ሳቅና ጭካኔ ዘመዳሞች ስለመሆናቸው የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ብዙ አውቃለሁ፣ ብዙ አንብቤአለሁ። ሰዎች ሳቅ መድኃኒት ነው ሲሉ ዓይኔ ይቀላል፤ ይህንንም አስረዳኋቸው። ሰሙኝ። ከፎጣዎቹ ሁለቱ ከግራ እጃቸው መውደቃቸውን አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁና ንግግሬን ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛውና አራተኛው ኮሪደሩ ላይ፤ አምስተኛው ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዱብ ይላሉ፣ ይዞራሉ፣ የጣላቸውን ነገር ይታዘቡታል። ባልደረባዬ «ፕሮፌሰር፣ ነይ፣ ሾው ጀመረ» ብላ ትጠራኛለች። የዓለም ፊልም ነፍስን ያቆሽሻል የምትለው የቤቱ ባለቤት እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ጌታ ይባርካቸው፣ ቤቱን አደሱት ትላለች። የአልዛይመር በሽተኛው ጡረተኛ ወታደር የገዛ ሴት ልጁን ስም ረስቶ ህንዳዊቷ ሲወድቁ ማጨብጨብ ተማረ። የግራ ጫማቸው ጫፍ ተፋቆ ማለቁን ግን ማናችንም አላየንም። እኔ አየሁ እንጂ፤ ጫማ መግዛት አለባቸው ብዬ ለልጃቸው በቴክስት ነገርኩት። ገዛላቸው። የአዲሱም ጫፍ ተፋቀ።

አንድ ቀን ብቻ ባልደረባዬ ጥርጣሬ ገባት። አምስተኛው ላይ መሆን አለበት፤ ሲነሱ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበርና።

«እማማ ግን የምራቸውን ይሆን እንዴ?» አለችኝ ዝቅ ብላ።

«የምራቸውን ቢሆን ይዞሩ ነበር?» አልኳት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

በየካቲት መጀመሪያ የቤቱን ፈቃድ የሚያድስ ኢንስፔክተር መጣ፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ከባድ ካፖርት የለበሰ ፈረንጅ። የወሩን የእሳት ልምምድ በዓይኔ ልይ አለ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር ከበሩ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ያለውን መንገድ ማልጄ ጠርጌ በረዶው እንዲሟሟ ጨው በትኜበት ነበር። ደወሉ ጮኸ። ሰባቱ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ወታደሩ ሳይቀር ሣጥኑ ጋ ደረሰ። እሳቸው በመጨረሻ ብቅ አሉ። የሰው ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር፤ ይህን ያውቁበታል፤ የሹራባቸውን ቁልፍ ዘግተው ጀመሩ።

መንገዱን አጋምሰው ሲያልፉ የግራ እግራቸው ኋላ ቀረ። ዱብ አሉ። አንገታቸውን አዙረው መሬቱን አዩት።

ባልደረባዬ አጨበጨበች። ወታደሩ ተከተላት። እኔ ሰዓቱን እንደያዝኩ ሳቅኩ። የቤቱ ባለቤት ወደ ኢንስፔክተሩ ዞር ብላ፣ ቤታችን ምን ያህል ደስተኛ እንደሆነ ይዩልን በሚል ፈገግታ አየችው። እሱ ግን ወረቀቱን ጥሎ እየሮጠ ነበር። ሰውየው የህንድ ፊልም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ያየው አንዲት አሮጊት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቁ ነው።

ተንበርክኮ የት እንዳመማቸው ጠየቃቸው። እነሳለሁ፣ አንድ ደቂቃ ስጡኝ አሉ። ፈገግታቸው አልጠፋም፤ ግማሹ ብቻ ነበር እንጂ፣ ግራው ወገን አልታዘዘም። ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሣጥኑ አራት እርምጃ ያህል ይቀራቸዋል። ሦስተኛው እምቢ ሲላቸው በቀኝ ክንዳቸው መሬቱን እየቧጠጡ ወደ ሣጥኑ መጎተት ጀመሩ። ኢንስፔክተሩ እንዳይንቀሳቀሱ ይለምናቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ከሣጥኑ አልነቀሉም። ማጨብጨቡ መቼ እንደቆመ አላውቅም፤ ወታደሩ ግን እኛ ካቆምን በኋላም ለብቻው ትንሽ አጨበጨበ።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ጭንቅላታቸው በምስል ሲታይ ደግሞ አንጎላቸው ውስጥ ትንንሽ ስትሮኮች ተገኙ፤ አንዱ የዚያን ቀን፣ ሌሎቹ የቆዩ። ልጃቸው እየመጣ ነው ተባለ። የቤቱ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ፣ ከዚህ በፊት አልወደቁም በይ አለችኝ፤ ፈቃዳችን ይሄዳል፣ ሰባቱ የት ይወድቃሉ፣ እባክሽ እህቴ። የምትለው ሐሰት አልነበረም፤ ሰባቱ እውነትም ደህና መሄጃ አልነበራቸውም። ባልደረባዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ እኔ ምንም አላየሁም ትል ነበር፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ።

እሳቸውም ልጁ ከመድረሱ በፊት እጄን ጎተት አድርገው፣ በተሳሰረ አንደበት፣ እንዳትነግሪው አሉኝ። ዳሌው ይድናል፣ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ከዚህ በፊት መውደቄን ካወቀ ግን አይመልሰኝም። እሺ አልኳቸው።

ልጁ መጣ። ጃኬቱን ሳያወልቅ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ ወድቀው ነበር?

ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች የሚሸሹትን እውነት የምናገር መስሎኝ ነው የኖርኩት። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምንም አያስከፍልም፤ ጋዜጣ አንባቢ ቢቀየም ነው። የዚያን ቀን ዋሽቼ ቢሆን ሐኪሞቹ ስትሮክ ቢያገኙም የወደቁት አንዴ፣ ያውም በረዶ ላይ ነው ይሉ ነበር፤ እሳቸውም ወደ ሽሯቸው ይመለሱ ነበር፤ ምናልባት ሌላ ስትሮክ እስኪመጣ። እውነቱን መናገሬ ለእሳቸው ይሁን ወይስ ለራሴ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

«አምስት ጊዜ» አልኩት።

«እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እንስቅ ነበር። እየቀለዱ መስሎን።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እናቴ እቤት ቀልዳ አታውቅም» አለኝ። «አንድም ቀን። ልጅ ሳለሁ ሰፈር ውስጥ የሚስቁባትን አይቼ እቤት ውደቂልኝ ብዬ ለመንኳት። መውደቅ ሥራዬ ነው፣ እቤት አልሠራም አለችኝ።»

የቤቱ ፈቃድ ለጊዜው ታገደ። ሰባቱ አዛውንት በየልጆቻቸውና በየነርሲንግ ሆሙ ተበተኑ። ባልደረባዬ ኤርፖርት ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ስልኬን አታነሳም። የቤቱ ባለቤት ይቅር ብዬሻለሁ የሚል መልእክት ላከችልኝ፤ ከጥቅስ ጋር።

እሳቸው ሌክውድ የሚገኝ ነርሲንግ ሆም ገቡ። ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት በሁለተኛው ወር ነው። ምስር በላስቲክ ዕቃ ይዤ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ፌርማታው ላይ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ገባሁ። ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው፤ የሌላዋ ሴት ቴሌቪዥን ይጮሃል። ትሪያቸው ላይ የተፈጨ ድንችና የሥጋ መረቅ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ክስት ብለው አገኘኋቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲሸከሙት የተፈረደባቸው ውፍረት በሁለት ወር ሄዷል። ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ ማን እንደመጣ አወቁ።

ምስሩን ሁለት ማንኪያ በሉልኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ለየትኛው እንደምጠይቅ አላወቅኩም፣ ለሳቁ ነው ወይስ ለተናገርኩት።

«ስንት ነው ያልሽው?» አሉኝ። አንደበታቸው ተሻሽሏል።

«አምስት።»

«ሰባት ነው። ሁለቱን የወደቅኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፣ በሩን ዘግቼ።»

እኔና ባልደረባዬ ከዚያ በር በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር የምንውለው። ለምን አልተጣሩም አልኳቸው።

«ብትመጡ መዞር ነበረብኝ» አሉ። «ሁለቱን ጊዜ ደክሞኝ ነበር። መሬቱ ላይ ትንሽ ተኛሁ።»

ከትራሱ ወደ ታች ተንሸራተው ስለነበር አንገታቸው ታጥፏል። ወደ ላይ ሳቢኝ አሉኝ። በሩ ላይ፣ ከሠራተኛ በስተቀር ማንም ሕመምተኛ እንዳይነካ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ዳሌያቸው ደግሞ ገና አልጠናም። አልችልም አልኳቸውና የነርስ መጥሪያውን ደወል ተጫንኩላቸው። ከበሩ በላይ ያለው መብራት በራ። ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠግቼ መዳፌን ከአንገታቸው ሥር አደረግኩ፤ ይህን ያህል አይከለከልም ብዬ። ሰው እስኪመጣ እንደዚያው ቆየን። ብዙ ቆየን፤ እጄ ደነዘዘ።